ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነኝ፤ ኪሎ ለመጨመርና ጡንቻ ለማውጣት ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 22 ነው። ቤተሰቦቼ ደንበጫ ገጠር ናቸው፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78፣ ክብደቴ 54 ኪሎ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነኝ፤ አባቴም እንደዚሁ ነው። ጓደኞቼ ‹ሸንበቆ› ይሉኛል። ብዙ እበላለሁ፣ ግን አይታይብኝም። አምና ሁለት ወር ጂም ገብቼ ግማሽ ኪሎ እንኳ ስላልጨመርኩ ተውኩት። ጾም አልሽርም። አንድ ጓደኛዬ የማወፈሪያ ክኒን ወስዶ በወሩ ፊቱ ሞላ፤ እኔም ልጀምር ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከጥያቄህ መጨረሻ ልነሳ። ክኒኑን አትጀምር።

ጓደኛህ የወሰደውን አላየሁትም። ወጣቶች «ማወፈሪያ» ብለው ይዘውልኝ ከሚመጡት ውስጥ ግን ደጋግሜ የማያቸው ሁለት ናቸው፤ ሲፕሮሄፕታዲንና ዴክሳሜታዞን። ሲፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ ሲተውት ፍላጎቱም አብሮት ይሄዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ዴክሳሜታዞን ነው። ይህ ሐኪም ለከባድ ሕመም አስቦና መጥኖ የሚያዝዘው ብርቱ መድኃኒት ነው። የወሰደው ሰው ፊቱ የሚሞላው ጡንቻ አብቅሎ አይደለም፤ መድኃኒቱ ስብን ወደ ፊትና ወደ ሆድ ስለሚሰበስብ ነው። የክንድና የጭን ጡንቻን ግን ያመነምናል። አንተ የምትመኘውን ነገር ተቃራኒ ይሠራል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያደክማል፤ በሳንባ ውስጥ ተኝቶ የኖረ የቲቢ ጀርም ካለ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ለሳምንታት ሲወሰድ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማመንጨት ይተዋሉ። ስለዚህ ጓደኛህ የሚወስደው እሱን ከሆነ በአንድ ቀን ጣጥሎት እንዳይቀር፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ በትእዛዝ ቀስ እያለ ይቀንስ። እባክህ ዛሬውኑ ንገረው።

አሁን ወደ አንተ። 54ን ለ1.78 አካፍልና የመጣውን እንደገና ለ1.78 አካፍል፤ 17 ይሆናል። በዚህ ልኬት ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች ያለው ሁሉ ከሚገባው በታች ነው። አንተን 18.5 ላይ የሚያደርስህ 59 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ኪሎ የመጨመር ፍላጎትህ ጓደኞችህ ስላሾፉብህ ብቻ የመጣ ነው ብዬ አላልፈውም፤ በጤናም በኩል ምክንያት አለህ።

በጥያቄህ ውስጥ ደስ ያሰኘኝ «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለው ነው። ቀጭን ሆኖ መኖርና መክሳት ይለያያሉ። አምና 60 ኪሎ የነበረ ሰው ዘንድሮ 54 ቢሆን ስለ ምግብ ከማውራቴ በፊት ወደ ሐኪም እልከው ነበር። አንተም ቢሆን ራስህን ጠይቅ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ወይም ማታ ማታ የሚመላለስ ትኩሳት አለህ? ውሃ ጥሙ አይቆርጥልህም፣ ሽንትህ ይመላለሳል? ሳትሮጥ ልብህ ይመታል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል? ተቅማጥ ይመላለስብሃል? አንዱ እንኳ ካለ ቲቢ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ እጢ፣ ኤችአይቪ መመርመር አለባቸው። ምንም ባይኖርም የሰገራ ምርመራ አንድ ጊዜ አድርግ። ጃርዲያም ሆነ መንጠቆ ትል ከምትበላው ላይ ይቀማሃል። በጣና ዳር ወይም በመስኖ አካባቢ ውሃ ውስጥ ስትዋኝ ያደግህ ከሆነ የቢልሃርዚያን ነገር ለሐኪሙ አንሳለት። ጥሬ ሥጋ የምትወድ ከሆነ ደግሞ ኮሶ ትል ይኖርብህ ይሆናል። በግምት የኮሶ መድኃኒት መጠጣት ግን አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ተመርመር።

ይህን ካለፍን በኋላ «ብዙ እበላለሁ» የሚለውን እንይ። ዋሸኸኝ ማለቴ አይደለም። ግን እንዳንተ ያሉ ልጆችን ለሦስት ቀን የበሉትን ሁሉ እንዲጽፉ ሳደርግ በብዛት የማገኘው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ምሳ ላይ ጠግቦ የበላ ልጅ ቁርሱን በሻይና በአንድ ዳቦ አልፎታል፤ እራቱን ደግሞ ምሳው ከብዶት ግማሽ አድርጎታል። የሚያስታውሰው ግን ምሳውን ነው። ተፈጥሮም የራሷ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ጥናት ለ16 ሰዎች ለ8 ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው በላይ በቀን 1,000 ካሎሪ አበላ። አንዱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ስብ ሲጨምር ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው ሰዎቹ ሳያውቁት የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነው፤ መቁነጥነጥ፣ መቆም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት። የአንተም ሰውነት የጨመርክለትን ሳታውቀው የሚበትን ዓይነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከሌላው የበለጠ መብላት አለብህ እንጂ አይቻልም ማለት አይደለም።

ምን ያህል? በቁመትህ፣ በዕድሜህና በክብደትህ ሳሰላው ባለህበት ለመቆየት በቀን ወደ 2,500 ካሎሪ ትፈልጋለህ። ለመጨመር ከ300 እስከ 500 ጨምርበት፤ ወደ 3,000 ይጠጋል። ፕሮቲን ደግሞ ለጡንቻ በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ይበቃል፤ ላንተ ወደ 86 ግራም ይመጣል።

እዚህ ላይ ወጣቶች ሁሉ «ሥጋና እንቁላል ከየት ላምጣ? ደግሞስ ጾሙ?» ይሉኛል። የአንተ ችግር ጾሙ አይመስለኝም። ችግሩ ስስ ሽሮ ነው። ተማሪ ቤት ውስጥም ሆነ በርካሽ ምግብ ቤት የሚቀርበውን ሽሮ ልብ ብለህ እየው፤ ውሃው በርበሬ ቀልቶ ይፈላል እንጂ ዱቄቱ ሁለት ማንኪያ አይሞላም፣ ዘይቱም ከላይ የታየ ያህል ነው። ሆድህ በእንጀራና በውሃ ይሞላል፣ ጠገብኩ ትላለህ፣ ጡንቻ ግን ከየት ይምጣ? የጎጃም ገበሬ እናት ለአጫጅ የምትሠራው ሽሮ እንዲህ አይደለም። እንጀራው ላይ ሲፈስ የማይሮጥ፣ ዘይት የጠገበ ነው።

እስቲ አንድ የጾም ቀን ወስደን እንቁጠር። በቀኑ ውስጥ የምትበላው እንጀራ 300 ግራም የጤፍ ዱቄት ቢወጣው ወደ 38 ግራም ፕሮቲን አለው። ሽሮውና ምስሩ በደረቁ ሲመዘኑ 150 ግራም ቢሆኑ ወደ 34 ግራም ይጨምራሉ። 100 ግራም በሶ ወደ 11፣ አንድ እፍኝ ተኩል ማለትም 50 ግራም ለውዝ ወደ 12። ድምሩ 95 ግራም ነው። አንዲት እንቁላል ሳትሰበር ከሚያስፈልግህ አልፈሃል። ጤፉና ጥራጥሬው ደግሞ ይደጋገፋሉ፤ ጥራጥሬ የሚጎድለውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበትን ንጥረ ነገር) እህሉ ይሞላለታል፣ እህሉ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጥራጥሬው ይሰጠዋል። በዚህ ላይ በወጡ ውስጥ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በበሶው ላይ 2 ማንኪያ ማር ብታደርግ ጠቅላላው ወደ 2,850 ካሎሪ ይሆናል። ሁለት ሙዝ ወይም የአዊን ድንች ቀቅለህ በዳጣ ብትጨምርበት 3,000 ሞላህ።

ዘይቱ ብዙ መሰለህ? አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፣ በሆድህ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቶሎ ለሚጠግብ ሰው ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፦ የምግቡን ብዛት ሳይሆን ካሎሪውን መጨመር። ኑግም እዚህ ይገባል። ጎጃም የኑግ አገር ሆኖ ሳለ ልጆቻችን ኑግን ከዘይት በቀር አያውቁትም። ቆልተህ፣ ወቅጠህ፣ ከበሶ ጋር ለውሰው። ተልባ ግን ላንተ ብዙም አልመክርህም፤ ጥሩ ምግብ ነው፣ ነገር ግን ሆድ ውስጥ አብጦ ቶሎ ያጠግብሃል።

በሶ ላይ ትንሽ ልቆይ። በየጂሙ «ጌይነር» እየተባለ በትልቅ ጣሳ የሚሸጠው ዱቄት አብዛኛው ስኳርና ስታርች ነው፤ ጥቂት ፕሮቲን ተጨምሮበታል። በሶህ ገብስ ነው፣ ከደንበጫ እናትህ ፈጭታ ትልክልሃለች፣ በቦርሳህ ይያዛል፣ እሳት አይፈልግም። በፍስክ ቀን በወተት በጥብጠው፤ በጾም ቀን በውሃና በማር፣ ወይም በዘይትና በጨው ጭብጦ አድርገው። ከምሳና ከእራት መካከል ይሁን እንጂ በምሳ ፈንታ አይሁን።

ደንበጫም ሆነ ዳንግላና እንጅባራ አካባቢ ግብጦ አለ። ብዙ ሰው ከአረቄና ከመክሰስ በቀር አይጠቀምበትም፤ ከደረቅ ክብደቱ ግን ከሢሶ በላይ ፕሮቲን ነው፣ ከባቄላም ከምስርም ይበልጣል። መራራነቱ ግን ለጣዕም ብቻ የሚጠላ እንዳይመስልህ፤ ምሬቱ መርዝ ነው። አያቶቻችን ቆልተው በጆንያ አድርገው በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ለቀናት የሚያቆዩት ለዚህ ነው። ምሬቱ ፈጽሞ ሳይለቅ ብዙ ከበላህ አፍ ያደርቃል፣ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል። በደንብ የተዘጋጀውን ግን በእፍኝ ብላ።

ስለ ጓያ ግን በጣም ተጠንቀቅ። ጥራጥሬ አብዛ ስልህ ርካሹን ሽሮ እንዳትሸምት እፈራለሁ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ሁለቱን እግሮች የሚያሽመደምድ፣ ተመልሶ የማይድን በሽታ ያመጣል፤ ከሌላው ይልቅ ደግሞ በብዛት የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው። ሽሮህ የሽምብራ፣ የባቄላ ወይም የአተር መሆኑን ከምታምነው ሰው እወቅ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ስንት ሰዓት ድረስ እንደምትጾም የንስሐ አባትህ ይነግሩሃል፤ እኔ የምነግርህ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። 9 ሰዓት ላይ የምትፈታ ከሆነ ሦስት ጊዜ ለመብላት እስከ ማታ 4 ሰዓት ጊዜ አለህ፦ 9 ሰዓት ላይ ዋናው ምግብ፣ 12 ሰዓት ላይ በሶና ለውዝ፣ ከመተኛትህ ከሁለት ሰዓት በፊት ሁለተኛ ማዕድ። በዐቢይ ጾም ወቅት ኪሎህ ባይጨምር አትዘን፤ እንዳይወርድ ከጠበቅከው ትልቅ ነገር ነው። ያንተ ወቅት ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ናቸው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል (አንዱ ወደ 6 ግራም ፕሮቲን አለው)፣ ግማሽ ሊትር ወተት ወይም እርጎ (ወደ 16 ግራም)፣ ባሕር ዳር ስትሄድ ደግሞ የጣና ቆሮሶ። ሥጋ ባይኖር አይቆጭህ።

ቡናን ተው አልልህም፤ የጎጃም ልጅ ሆኜ እንዴት እላለሁ። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከምሳ በፊት ከሆነ ምሳው ያበቃለታል፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይተህ ጠጣ፣ በምግብህ ውስጥ ያለው ብረትም እንዲሁ ይተርፍልሃል። ጫት የምትቅም ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ማንበብህ ከንቱ ነው፤ የምግብ ፍላጎትህንም እንቅልፍህንም ይዞ ይሄዳል።

አሁን ጂሙ። ሁለት ወር ሠርተህ ግማሽ ኪሎ አለመጨመርህ አያስገርመኝም። በየቀኑ ሄደህ ክንድህን ብቻ ሠርተህ፣ ጠዋት ሮጠህ፣ ማታ ኳስ ተጫውተህ፣ በስስ ሽሮ ከሆነ ያቃጠልከው ከበላኸው ይበልጣል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃሃል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አድርገው፤ ከጾሙ ሳምንታት በቀር እነዚህ የፍስክ ቀናት ናቸው፣ ሠርተህ ስትመለስ እንቁላልና ወተት ይጠብቁሃል። ኳስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሁን፤ ሩጫውን ለጥቂት ወራት አሳርፈው።

በሦስቱም ቀን መላ ሰውነትህን ሥራ፤ ትልልቁን ጡንቻ የሚነኩትን ብቻ። ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ክብደትን ከመሬት ማንሳት፣ ፑሽ አፕ፣ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ ጎንበስ ብሎ ክብደትን ወደ ሆድ መሳብ፣ ከትከሻ በላይ መግፋት። እያንዳንዱን ሦስት ዙር፣ በዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መክበድ አለባቸው፣ ካልከበዱህ ጡንቻው የሚለወጥበት ምክንያት የለውም። በዙሮቹ መካከል ሁለት ደቂቃ ያህል ዕረፍ፤ ወገብህን ሳታጎብጥ ቀጥ አድርገህ ሥራ።

የጂም ገንዘብ ከሌለህ ጀሪካን አለ። ውሃ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግህም፤ ዛሬ በ10 ሊትር ጀምር፣ 12 ጊዜ በሦስቱም ዙር ከተሳካልህ በሚቀጥለው ሳምንት 1 ሊትር ጨምር። 20 ሊትር ሞልቶ ሲቀልህ አሸዋ አድርግበት፤ አሸዋ ከውሃ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ለፑል አፕ በሁለት ችካል ላይ የታሰረ ወፍራም የባሕር ዛፍ አጣና ይበቃል፤ መጀመሪያ ግን ራስህ ተንጠልጥለህ ፈትነው። ፑሽ አፕ ሲቀልህ አሸዋ የሞላ ቦርሳ በጀርባህ አዝል። በደብተር ጻፈው፦ ቀን፣ ምን ያህል ሊትር፣ ስንት ጊዜ። አምና ሁለት ወር ስትሠራ ክብደቱ ምን ያህል እንደጨመረ የጻፍክ አይመስለኝም፤ ሰውነትን የሚለውጠው ግን በየሳምንቱ የምትጨምራት ያቺ ትንሽ ነገር ናት።

ክሬያቲን ስለሚባለው የጡንቻ ማጎልበቻ ዱቄት ሰዎች ይጠይቁኛል። ከሚሸጡት ሁሉ በደንብ ተጠንቶ ጥቅሙ የተረጋገጠው እሱ ነው፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም፤ ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ጉዳት አላየንበትም። ግን ያንን ገንዘብ ለአሁኑ ለለውዝና ለዘይት አውለው። በመርፌ የሚሰጡትን የጡንቻ ሆርሞኖች ግን አትጠጋቸው፤ የራስህን ቴስቶስትሮን (የወንድነት ሆርሞን) ያደርቃሉ፣ ልጅ መውለድንም ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

እንቅልፍ ከ7 ሰዓት አይነስ። የፈተና ሳምንት ሲሆን ክብደቱን ቀንስ እንጂ እንቅልፉን አትቀንስ።

ስለ አባትህ አንድ ነገር ልበል። ቀጭን ነው ብለሃል። ግን እኮ በበጋ ጆንያ ተሸክሞ፣ በክረምት ሞፈር ይዞ የኖረ ሰው ነው። የአጥንትህ ቅርጽ ከእሱ ነው፤ ትከሻህ ሰፊ ላይሆን ይችላል፣ የእጅ አንጓህም እንደቀጠነ ይቀራል። እንዳንተ ያለ ጀማሪ በደንብ ከበላና ከሠራ በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ጡንቻው ከፊሉ ብቻ ነው። 54ን 60 ለማድረግ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያስፈልግሃል፤ ጾሙ ሲገባ ይረዝማል። በጓደኛህ ክኒን የመጣው ሙላት ሲቆም ይሄዳል፤ ይህኛው ግን መብላትህንና መሥራትህን እስካልተውክ ድረስ ይቆያል።

ለክረምት ወይም ለአጨዳ ደንበጫ ስትወርድ ሥራውን ከእነሱ ጋር ሥራ፤ ግን የእርሻ ሥራ ብዙ ስለሚያቃጥል በሶና ቆሎ ከጎንህ አይጥፋ። ከዚያ ተመልሰው 2 ኪሎ ጎድለው የሚመጡ ተማሪዎች አይቻለሁ።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሳትበላ፣ ሽንትህን ሸንተህ፣ በአንዱ ሚዛን ብቻ ተመዘን። አራት ሳምንት አልፎ ምንም ካልጨመረ ሌላ እፍኝ ለውዝና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምር። በስምንተኛውም ሳምንት የሚዛኑ መርፌ ካልተነቃነቀ፣ ወይም በመካከሉ ከ54 ከወረደ፣ ምግቡን ማብዛትህን ትተህ ደብተርህን ይዘህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።